ለተማሪዎች ውድድር አስገራሚ ጥያቄ እፈልጋለሁ፤ መልሱ ግን የተጣራ ይሁን

መምህርት (ቢቸና)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ቢቸና አካባቢ አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በወሩ መጨረሻ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች የጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጃል። ርዕሱን «የዓለም ቃላት፣ ልማዶችና ምግቦች» ብለነዋል።

አምና ከስልክ ላይ ያገኘሁትን ገልብጬ ጠየቅሁ። ከወላጆች አንዱ ተነሥተው «ይሄ መልስ ልክ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። አንዲት ልጅ በዚያ ጥያቄ ነጥብ አጥታ ስታለቅስ አየሁ። እስካሁን ይቆረቁረኛል። ዘንድሮ ሳላጣራ የምጠይቀው ነገር አይኖርም።

አሁን በእጄ ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከከፋ ስም መጣ ይባላል። ሁለተኛ፣ የሮም ወታደሮች ደመወዛቸው ጨው ነበር ይባላል። ሦስተኛ፣ ጠዋትን አንድ ሰዓት ብሎ የሚጀምር ከእኛ በቀር የለም ይባላል። የትኛው ነው እውነት? ሌላም ካላችሁ ጨምሩልኝ። ከቤታቸው ከሚያውቁት ነገር የሚነሣ ቢሆን ደስ ይለኛል። የማያውቁትን ብቻ ስጠይቃቸው ይሸመድዱትና በሳምንቱ ይረሱታል።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦

እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ማጣራትሽ ደስ አለኝ። ሦስቱንም አንድ በአንድ ልንገርሽ።

የኮፊውን ተይው። ተክሉ የእኛ ነው፤ የዐረቢካ ቡና የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ቃሉ ግን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ዐረቦች መጠጡን «ቀህዋ» አሉት። ቱርኮች «ካህቬ» አደረጉት። ሆላንዶች ከቱርኮች፣ እንግሊዞች ደግሞ ከሆላንዶች ወሰዱት። ከከፋ መጣ የሚለው በድምፅ መመሳሰል ላይ የቆመ ግምት ነው። ይልቅ «ዐረቦች ፍሬውን ምን ይሉታል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ቡን» ነው። ልጆቹ ወዲያው ፈገግ ይላሉ።

የሮሙም ልክ አይደለም። በእንግሊዝኛ ደመወዝን «ሳላሪ» የሚሉት «ሳላሪየም» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ቃሉ ጨው ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ለወታደሩ ጨው እየተሰፈረ ይሰጠው ነበር ለሚለው ግን ማስረጃ አልተገኘም። ጨው ገንዘብ የነበረው እኛ ዘንድ ነው! አሞሌ ከአፋር ምድር እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ይመጣ ነበር። ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይገበያዩበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ከነበሩት ገበያዎች አንዱ ደግሞ የባሶ ገበያ ነው፤ የዛሬዋ የጁቤ አካባቢ ማለት ነው። ከአባይ ማዶ የመጣው ነጋዴና ከሰሜን የወረደው ነጋዴ እዚያ ይገናኙ ነበር። እናንተው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ ታሪክ ትቶ ወደ ሮም መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

ሰዓቱም እንደዚሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት። ጠዋት «ሳ ሞጃ» ካሉ አንድ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን «ሳ ሲታ» ነው፤ ስድስት ሰዓት። ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም። ስለዚህ ከፀሐይ መውጣት መቁጠር ያስኬዳል።

የቦንጋ ልጅ (እንጅባራ የሚኖር)፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ከፋዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው የቃሉም ምንጭ ከፋ ነው ተብሎ ነው። እንዲህ በአንዴ ተይው ሲባል ይከብዳል።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦

ይገባኛል የኔ ልጅ። እኔም ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እንደዚያ ነበር። ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው ከእናንተ ጫካ የወጣውን ነው፤ ይህን ማንም አይወስድባችሁም። ቃሉ ቢቀር ክብሩ አይቀንስም።

መጽሐፍ አዋሽ (ባሕር ዳር)፦

ከቤታቸው የሚያውቁት ካልሽ፣ ከጠረጴዛው ጀምሪ። «ጠረጴዛ» የግሪክ ቃል ነው። «ትራፔዛ» ይሉታል፤ ሥሩ «አራት እግር» ማለት ነው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ዛሬ አቴንስ ውስጥ «ትራፔዛ» የሚል ሰሌዳ ብታዪ የቤት ዕቃ መሸጫ እንዳይመስልሽ፤ ባንክ ነው። የጥንት ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚሠሩ ስሙ እዚያው ተጣበቀ። «ባንክ» የሚለውም ከጣልያንኛ «ባንኮ» ነው፤ እሱም አግዳሚ፣ የገንዘብ ለዋጭ መደብ ማለት ነው። ሁለት አገር፣ ሁለት ቃል፣ አንድ ታሪክ። እኔ ይህን ሳውቅ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳወራ ዋልኩ።

«ቻው»ንም ጨምሪ። በቀን ስንቴ እንላለን? ከቬኒስ ነው የመጣው፤ መነሻው «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነው። በእኛ «አሽከርዎ ነኝ» እንደማለት ያለ የትሕትና ሰላምታ ነበር።

ሻይ ደግሞ እንዲህ ነው። የዓለም ቋንቋ አብዛኛው ለሻይ ሁለት ዓይነት ስም ነው ያለው፤ ሁለቱም ከቻይና። በየብስ መንገድ የሄደው «ቻ» የሚለው ነው፤ በፋርስና በዐረብ በኩል እኛ ጋ «ሻይ» ሆኖ ደረሰ። ሆላንዶች ከቻይናዋ የፉጂያን ግዛት ወደብ በመርከብ የጫኑት «ቴ» የሚለው ነው፤ እንግሊዞች «ቲ» የሚሉት ከዚያ ነው። ካርታ ስቀዪና አስገምቻቸው።

ብርቱካንም የአገር ስም ነው፤ ከዐረብኛው «ቡርቱቃል»፣ ማለትም ከፖርቱጋል። ማኪያቶ በጣልያንኛ «ነጠብጣብ የነካው» ነው፤ ወተት ጠብ ያለበት ቡና።

የቡሬ ልጅ፦

ቲቸር፣ እኔ አንድ ልጨምር። «በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ቲማቲም፤ ከእነዚህ ጥንት በኢትዮጵያ የነበረው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱ «አንዱም» ነው። አራቱም የተገኙት አሜሪካ አህጉር ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት እዚህ ማንም ቀምሷቸው አያውቅም። ድንችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ 1858 እ.ኤ.አ. ይባላል።

ቡሬ ተወልዶ ያደገ ሰው በርበሬ እንግዳ ነው ሲባል መጀመሪያ አይዋጥለትም። ግን ስሞቹን አስቡት። በቆሎን የድሮ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለታቸው ነው። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው፣ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን። አባቶች የመጣበትን አቅጣጫ ስሙ ላይ ጽፈውልናል። ዛሬ ምዕራብ ጎጃምን ያለ በቆሎና ያለ ባሕር ዛፍ ማን ያስበዋል?

ቅባት እህል ሰብሳቢ (ፍኖተ ሰላም)፦

እኔ ከሥራዬ የማውቀውን ልንገርሽ እህቴ። ኑግ መነሻው ኢትዮጵያ ነው። እኛ ዘይት እንጨምቀዋለን፣ ፋጉሎውን ከብት ይበላዋል። ሕንዶችም ይዘሩታል። አሜሪካና አውሮፓ የሚሄደው ግን የወፍ ምግብ ሆኖ ነው። ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በትንሽ ቱቦ ያንጠለጥሉታል፣ ቢጫ ትናንሽ ወፎች እየመጡ ይለቅማሉ። አሜሪካ የሚገባው ኑግ እንዳይበቅልና የአረም ዘር ይዞ እንዳይገባ በሙቀት ይታከማል። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ገበሬ ለአንድ ኩንታል ስንት ወር ይደክማል! ወፎቹን ለመመልከት ብቻ ብለው ይገዙታል። ለልጆቹ ይህን ጠይቂ፤ የሚመልስ አይኖርም።

ነርሷ (ሞጣ)፦

«ኳራንቲን»ን እንዳትረሺ። ኮሮና ጊዜ ሁሉም ልጅ ሰምቶታል። «ኳራንታ» በጣልያንኛ አርባ ነው። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ሰዎቹን ሳያወርድ አርባ ቀን ይቆያል፤ ቃሉ ከዚያ ነው። በ1377 እ.ኤ.አ. ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ መጀመሪያ ያወጀችው ግን ሠላሳ ቀን ነበር። አርባ ለእኛ ልጆች እንግዳ ቁጥር አይደለም፤ የወንድ ልጅ ክርስትናም በአርባ ቀኑ ነው።

ልማድ ካልሽ ደግሞ በጣም የምወደው አንድ አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል? እናቶቻችን ሲጨዋወቱ ልብ ብለሽ ስሚ። የውጭ ሰው ሲሰማው ደንግጠን ወይም አሞን ይመስለዋል። በሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎችም «አዎ»ን ልክ እንደዚያው ወደ ውስጥ ስበው ይላሉ። እዚያ በረዶ ነው፣ እዚህ ደጋ። ማንም ከማንም ሳይኮርጅ!

ቡልጋሪያ ደግሞ ግራ ያጋባል። ራስን ከላይ ወደ ታች መነቅነቅ «አይደለም» ነው፣ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ «አዎ»። ይህን መድረክ ላይ በተግባር አሠሪያቸው። ተሳስተው ሲስቁ አይረሱትም።

ማይሶር የተማርኩ (ዳንግላ)፦

ሁሉንም አንብቤ ዳጉሳ ሳይነሣ ሊቀር ነው ብዬ ገባሁ። ዳጉሳ የተገኘው ከእኛ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሕንድ ገባ። እዚያ «ራጊ» ይሉታል።

ሕንድ፣ ማይሶር ከተማ እያለሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ጋበዘኝ። እናቱ ጥቁር ቡናማ ድቡልቡል ነገር ከወጥ ጋር አቀረቡልኝ። ገና ሽታው ሲነካኝ ልቤ ዳንግላ ገባ። ዱቄቱ የፈላ ውሃ ላይ ተደርጎ እንደ ገንፎ በእንጨት ይማሰላል፤ ከዚያ በእጅ ይድቦለቦላል። «ራጊ ሙዴ» ይባላል። በወጡ ነክረው ሳያኝኩ ነው የሚውጡት። እኔ ሳኝክ የቤቱ ልጆች ሳቁብኝ። «ይሄ እህል እኛም ቤት አለ» ብዬ ስነግራቸው እናቱ ተነሥተው ሌላ ጨመሩልኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ የእኔንም አያውቁም። ያን ቀን ግን የተራብኩት አገሬን እንጂ ምግብ እንዳልነበር ገብቷቸው ነበር።

እኛ ዳጉሳን እንጀራ፣ ጠላና አረቄ እናደርገዋለን። አንዳንድ ልጅ ትምህርት ቤት የዳጉሳ እንጀራ ይዞ መሄድ ያፍራል። ይህን ጥያቄ ጠይቂልኝ፣ አደራ።

መምህርት (ቢቸና)፦

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ጋሼ፣ ሦስቱንም ጥያቄ ሰርዣለሁ፤ በምትካቸው «ቡን»፣ አሞሌና «ሳ ሲታ» ገብተዋል። የኑጉን ወፍ ለመጨረሻው ዙር አስቀመጥኩት። የስዊድኑን ትናንት እናቴን ስነግራት ሰምታ ስትጨርስ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «አዎ» አለችኝ፤ ሳታስበው!

ዳጉሳውን ከዚህም በላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሙዴውን ሠርቼ ተሳታፊዎቹን ላቀምሳቸው አስቤያለሁ። ወንድሜ፣ አሠራሩን ጻፍልኝ እስቲ። ዱቄቱ ለእንጀራ የምናስፈጨው ይሆናል?

ማይሶር የተማርኩ (ዳንግላ)፦

በደንብ ይሆናል፤ የላመና የተነፋ ይሁን። ለአንድ ብርጭቆ ዱቄት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጣጂ፣ ጨው ቆንጠር አድርጊበት። ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ወስደሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪና መጀመሪያ እሱን ጨምሪ፤ እንዳይጓጉል ይረዳል። ሲፈላ የቀረውን ዱቄት መሐሉ ላይ ክምር አድርጊው። ወዲያው አታማስዪው። እሳቱን ቀንሰሽ አምስት ደቂቃ ያህል ክደኚው። ከዚያ በጠንካራ እንጨት በኃይል አማስዪው፣ ደረቅ ዱቄት መታየት እስኪያቆም። እጅሽን በውሃ እያረጠብሽ በትኩሱ አድቦልቡዪው። ውድድሩ በጾም ቀን ከዋለ የምስር ወጥ ይበቃዋል። ለልጆቹ እንዳያኝኩ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ለመዋጥ እንዲቀል ግን ቁራሹን ትንሽ አድርጊው።