ሴንት ጆንስ ካውንቲ (ፍሎሪዳ) ቤት የገዛችሁ ምከሩን

ሰላም ወገኖች። የባለቤቴ ሥራ ወደ ጃክሰንቪል ስለተቀየረ ከሜሪላንድ ልንዛወር ነው፤ ቤት የምናየው ሴንት ጆንስ ካውንቲ ላይ ነው። አካባቢው ለጉድ ነው የሚያድገው፤ በ2010 ቆጠራ 190,039 የነበረው ሕዝብ በ2020 273,425 ደርሷል። አሁን ሁለት ቤት መርጠን መወሰን አቅቶናል።

አንዱ ኖካቲ በሚባለው በፕላን የተሠራ የመኖሪያ መንደር ውስጥ ነው። መዋኛው፣ መናፈሻው፣ የብስክሌት መንገዱ ሁሉ አለ። ግን ከኤችኦኤ (ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ከሚከፈለው) ሌላ ሲዲዲ የሚሉት ክፍያ ከንብረት ግብሩ ጋር ተደርቦ ይመጣል። ከፊሉ ለመንገድና ለውሃ መስመር ግንባታ የወጣ የቦንድ ዕዳ ነው፣ ከፊሉ የየዓመቱ ጥገና። የቦንዱን ድርሻ በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ የተገላገላችሁ ካላችሁ፣ ያዋጣል? ደላላችን «አትጨነቁ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም።

ሌላው ሴንት ኦገስቲን አጠገብ ያለ የቆየ ቤት ነው። ሲዲዲ የለበትም፣ ለባሕሩም ቅርብ ነው (የባለቤቴ ልብ እዚያው ቀርቷል)። ችግሩ በጎርፍ ካርታው ኤኢ ዞን (ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት ያለበት ቀጠና) ውስጥ ነው፤ በባንክ ብድር ስለምንገዛ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግድ ይሆንብናል። የሻጩ ግብር ትንሽ ቢሆንም አያጽናናኝም፤ የቤቱን ግምት ጭማሪ በዓመት 3 በመቶ ላይ የሚገድበው ሕግ ለነባሩ ባለቤት ነው፣ እኛ ስንገዛ እንደ አዲስ ይገመታል።

ኤኢ ዞን የምትኖሩ፣ የቤቱን ከፍታ የሚያሳየውን ሰርተፊኬት ስታቀርቡ ኢንሹራንሱ ቀነሰላችሁ? ኖካቲ ያላችሁ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ በወር ስንት ይወጣችኋል? ሻጩ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ ቶሎ ብትጽፉልኝ።