ረጅም ልጅ በጃብ ብቻ ያሸንፈኛል፤ እንዴት ልግባበት?

ባለ60 ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦክስ በ60 ኪሎ ነው የምወዳደረው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው። በኪሎዬ የሚገጥሙኝ አብዛኞቹ በቁመትም በክንድም ይበልጡኛል። ልጁ ግራ እጁን ይዘረጋና ጃብ (ከፊት ባለው እጅ የሚወረወር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ) እያቀመሰኝ ዙሩ ያልቃል። አሰልጣኜ «ጭንቅላትህን አንቀሳቅስ» ይለኛል፣ አንቀሳቅሳለሁ። ጎንበስ ብዬ ስገባ ደግሞ ከታች ወደ ላይ በሚመጣ ቡጢ፣ በአፐርከት ይቀበለኛል። አንዴ ከተጠጋሁ ጉልበት አለኝ፣ ያቃተኝ መጠጋቱ ነው። በሚቀጥለው ወር የክለቦች ውድድር አለን፤ ሦስት ዙር ነው፣ ዙሩ ሦስት ሦስት ደቂቃ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ቡጢው፦
ማይክ ታይሰንን አላየህም እንዴ? ዝም ብለህ ግባና ልቀቅበት። አጭር ሰው የሚያሸንፈው በድፍረት ነው።

ባልዲና ፎጣ፦
ቡጢው፣ ልጁ «ዝም ብሎ መግባቱን» ሞክሮታል፤ አፐርከቱን የሚበላውም ለዚህ ነው። ታይሰን በ1 ሜትር ከ78 ቁመት ከባድ ሚዛኖችን ሲዘርር የነበረው በድፍረት ብቻ አይደለም። አሰልጣኙ ከስ ዳማቶ ያስተማረውን ተመልከት፦ ሁለቱ ጓንቶች ጉንጩ ላይ ናቸው፣ እግሩ በተራመደ ቁጥር ጭንቅላቱ ቦታ ይቀይራል፣ ካመለጠበት ቦታ ሆኖ ወዲያው ይመታል። ሰው የሚረሳው ደግሞ ጃብ እንደነበረው ነው፣ ያውም ጥሩ ጃብ።

ይህ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ማየት ከፈለግክ እ.ኤ.አ. የካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ከበስተር ዳግላስ ጋር የገጠመውን ክፈት። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ቆሟል፣ ጃቡ የለም፣ ነጠላ ትልቅ ቡጢ ብቻ ነው የሚፈልገው። ረጅሙ ዳግላስ በጃብና በቀኝ እጁ ሲቀጠቅጠው ቆይቶ በ10ኛው ዙር ዘረረው። ጉልበቱ ግን የትም አልሄደም ነበር፤ በ8ኛው ዙር ዳግላስን መሬት አስቀምጦታል።

የድሮ አሰልጣኝ፦
ልጄ፣ ከእግርህ እንጀምር። ጭንቅላትህን የምታንቀሳቅሰው ቆመህ ይመስለኛል። ከክንዱ ርቀት ውጭ ሆነህ ጭንቅላት ማወዛወዝ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ አንድ ጋት አያስጠጋህም። ጭንቅላት ከመስመር የሚወጣው እግር ወደፊት በሚሄድበት ቅጽበት ነው፣ አንድ ላይ።

ሁለታችሁም ቀኝ እጅ ተጫዋች ናችሁ ብዬ ልናገር። ጃቡ ሲመጣ ጭንቅላትህን ወደ ቀኝህ አውጣ፣ ክንዱ በግራ ትከሻህ ላይ ይለፍ። እዚያ ስትሆን ቀኝ እጁ ሩቅ ነው፣ ክብደትህም ቀኝ እግርህ ላይ ስለሚያርፍ ቀኝህ ለሆዱ ዝግጁ ነው። ከዚያ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመታ ቡጢ) ወደ ጎኑ፣ ጉበት ያለው በዚያ በኩል ነው። ወደ ግራህ ብታመልጥም ሁክ ታገኛለህ፣ ግን የምትገባው ቀኝ እጁ ደጃፍ ላይ ነው። ይህን እስክትለምድ ተወው።

አፐርከቱን የምትበላው ከወገብህ ስለምትታጠፍ ነው። ከወገቡ የታጠፈ ሰው መሬት ያያል፣ መሬት የሚያይ ደግሞ ከታች የሚመጣውን አያይም። ከጉልበትህ ውረድ፣ ዓይንህ ደረቱ ላይ ይሁን።

ሲገባ የሚመታ ብዙ ነው፣ የሚበላሸው ሲወጣ ነው። ቀጥ ብለህ ወደኋላ ከወጣህ በዚያው ረጅም ክንዱ መንገድ ላይ ነህ። ወይ ደረቱ ላይ ተለጥፈህ ዳኛው እስኪለያያችሁ ሥራ፣ ወይ የግራ ትከሻውን አልፈህ በቀኝህ በኩል ውጣ። ስትወጣ ቀኝ ጓንትህ ከጉንጭህ አይውረድ፣ ግራ ሁኩ የሚመጣው በዚያ ነው።

ለልምምድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ በትከሻህ ቁመት ወጥር። በገመዱ ሥር ግራና ቀኝ እያልክ ወደፊት ሂድ፣ በወጣህበት ጎን ሁሉ ሁለት ቡጢ ጣል። ከዚያ ረጅም ጓደኛህን ጃብ ብቻ እንዲወረውር ለምነው፣ አንተ ምንም ሳትመታ ገብተህ ደረቱን በጓንትህ ነክተህ ውጣ። መጀመሪያ መግባትን ብቻ ተማር።

ረጅሟ፦
እኔ ከማዶ ነኝ፣ ከክለባችን ሴቶች በቁመት የሚደርስብኝ የለም። ስለዚህ አጫጭሮቹ ምን ሲያደርጉ እንደምቸገር ልንገርህ።

ጭንቅላቴን ፍለጋ ከሩቅ የምትዘልብኝ አታስፈራኝም፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብዬ አገኛታለሁ። የምታስጨንቀኝ ደረቴንና ሆዴን በጃብ የምትነካው ናት። አያመኝም፣ ግን ጃቤን በሰላም እንዳልወረውር ትከለክለኛለች። እጄ ወደ ሆዴ ሲወርድ ደግሞ በላይ ትመጣለች። ሌላው ማስመሰል ነው። ልትገባ መስላ ትቆማለች፣ እኔ ጃብ እወረውራለሁ፣ ክንዴ ሲመለስ አብራው ትገባለች። ጃብ የሚያደርሰው ጉዳት ሲሄድ ነው፣ ሲመለስ ደጁ ክፍት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አትከተል። አጫጭሮች ከኋላዬ ሲዞሩ ደስ ይለኛል፣ ሪንጉን ሙሉ አዞራቸዋለሁ። ወደ የት እንደምሄድ አይታ በጎን ተራምዳ መንገዴን የምትዘጋ ግን ገመድ ላይ ታስቀምጠኛለች። ጀርባዬ ገመድ ሲነካ ክንዴ ምንም ቢረዝም ጃቤ ክብደት የለውም።

ባለ60 ኪሎ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረጅሟ፣ የመጨረሻው እኔው ነኝ፤ ሁሌ ከኋላ ስከተል ነው የምገኘው። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ሆድ መምታት ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው ይላሉ። በሦስት ዙር ዋጋ አለው?

ባልዲና ፎጣ፦
ተቃዋሚህን አድክመህ በኋላ ልትጥለው ካሰብክ የለውም። ያ የ12 ዙር ሒሳብ ነው። በአማተር አምስት ዳኞች ዙሩን ላሸነፈው 10 ነጥብ ይሰጣሉ፣ የመጀመሪያውን ዙር እያጠናህ ካሳለፍክ ከሦስት አንዱ ሄደ። ሆድ የምትመታው እጁን ለማስወረድ ነው፣ ያ ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃም ይሠራል። ሆድ ላይ ጀምረህ ጭንቅላት ላይ ጨርስ፤ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ቡጢ ለዳኛ ይበልጥ ይታያል።

ታሪክ ወዳድ፦
ስለ አፐርከቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ጆ ፍሬዘር ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መሐመድ አሊን ያሸነፈው ዝቅ ብሎ እየተወዛወዘ ገብቶ በግራ ሁክ ነው፣ በ15ኛው ዙር ጥሎታልም። በ1973 ኪንግስተን ላይ በዚያው አገባብ ጆርጅ ፎርማን ላይ ሄደ። ፎርማን በእጁ እየገፋ ርቀቱን ያስተካክልና ከታች በአፐርከት ይቀበለዋል። በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ወደቀ። ፎርማን ደግሞ በዓመቱ ኪንሻሳ ላይ ገመድ ላይ ተደግፎ ቡጢውን ያስጨረሰውን አሊን በጉልበት ሊዘርር ሲል ራሱ ደክሞ በ8ኛው ዙር ተዘረረ። ሦስቱም ታላላቅ ናቸው፣ ግን የአንዱ ስልት ለሌላው መድኃኒት፣ ለሦስተኛው መርዝ ነበር። ፍሬዘር እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ በአንድ ልክ ግራ ቀኝ ሲል ፎርማን መምጫውን ቆጠረበት። አንተም ልኩን ቀይር፤ አንዴ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ምንም ሳትንቀሳቀስ ጃብ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1935 በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣሊያኑ ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ሲገጥም ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦሩን እያጓጓዘ ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች ፍልሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነው ያዩት፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ካርኔራ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ 118 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሉዊስ 89 ኪሎ። ሉዊስ አልዘለለበትም። አጫጭር እርምጃ እየተራመደ፣ ጓንቱን ሳያወርድ፣ ገላውንም ፊቱንም አጭርና ቀጥተኛ ቡጢ እየመታ ገባበት። በ6ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ጥሎት ዳኛው አስቆመ። ወረራው ግን በጥቅምት 1935 መጣ።

በዓመቱ ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር ዘረረው። የሉዊስን የፍልሚያ ፊልሞች ሲያጠና ጃብ ከወረወረ በኋላ ግራ እጁ ዝቅ እንደሚል አይቶ ነበር፣ ቀኙን በዚያ ላይ ነው ያሳረፈው። በ1938 ሲገናኙ ሉዊስ ያንን ክፍተት አልሰጠውም፣ በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። ያንተ ተጋጣሚም ጃቡ ሲመለስ እጁ የት እንደሚያርፍ እይ፣ ወደ አገጩ ካልተመለሰ ቀኝህን በላዩ ስደድ።

ቡጢው፦
እሺ፣ ድፍረቱ ግን ይጨመርበት።

ባለ60 ኪሎ፦
ይጨመራል! አሁን የቀረኝ ኪሎ ነው። ወደ 57 ልውረድ ወይ? እዚያ ትንሽ አጠር ያሉ አገኛለሁ ብዬ ነው።

የድሮ አሰልጣኝ፦
አይሆንም። እየተጫነ የሚገባ ሰው ቆሞ ከሚጠብቀው ሰው ይልቅ እግሩን ያለቅጥ ይጠቀማል፣ ያንን ጉልበት ውሃ እየቀነስክ አትጣለው። ደግሞ 57 ላይም ረጅም ልጅ አለ። ወሩን ለገመዱና ጃብ ብቻ ለሚወረውረው ጓደኛህ ስጠው። ከረጅም ልጅ ጋር ሙሉ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የምትሠራው ምንም ሳትመታ ደረቱን ነክቶ መውጣት ሲቀልህ ነው። ውድድሩ ሲቃረብ ስፓሪንጉን አቁምና ሻዶ (ብቻህን አየር ላይ መቧቀስ) ሥራ፣ የረጅሙን ልጅ ጃብ በዓይንህ እያየህ።