ክፉኛ የተከረከመው ኮካችን አበበ፣ አሁንስ ምን ላድርግ?

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። የግቢያችንን ኮክ ካቻምና አባቴ ግንዱና ሁለት ጉማጅ እስኪቀር ከረከመው፣ ቅርንጫፉ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየፋቀ ስላስቸገረን ነው። አምና ቀጥ ቀጥ ያለ ለምለም ቀንበጥ ብቻ አወጣ፤ አበባ የለም። እናቴማ ከእንግዲህ አያፈራም ብላ አዝና ነበር። ዛሬ ጠዋት ብወጣ ቅጠል እንኳ ሳይኖረው ሮዝ በሮዝ ሆኗል! እንደገና ልከርክመው ወይስ ልተወው?

ከኮምቦልቻ፦
እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ! ኮክ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ነው። አባትሽ ሲቆርጡት የሚያብበው እንጨት አብሮ ሄደ። ዘንድሮ ያበበው ያ አምና ያያችሁት ቀንበጥ ነው። የደሴ ብርድም ይስማማዋል፣ ኮክ በደንብ ካልበረደው እንቡጡ ቶሎ አይነቃም።

ጋሼ አትክልተኛው፦
ልጄ፣ አሁን መጋዝ እንዳታነሺ። ፍሬው አውራ ጣት ሲያክል ግን አሳሺው፣ በፍሬና በፍሬ መሃል አንድ ስንዝር ያህል ይተው፤ አለበለዚያ ፍሬው ያንሳል፣ ቅርንጫፉም ይገነጠላል። ከለቀማችሁ በኋላ የደረቀውንና ወደ መሃል የገባውን ብቻ አንሺ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው እንጂ እንዲያ አይጨፈጨፍም።

የሆጤዋ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወጥቼ አየሁት፣ ንብ ወሮታል።