በገመገም ላይ ያለ የፈረንጅ ጥድ ከመሳሳቱ (ከመካከሉ ዛፍ ተቆርጦ ከመቀነሱ) በፊት የንፋስ ስጋቱ እንዴት ይገመታል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልን። በሰሜን ሸዋ ደጋ ከገመገሙ አናት እስከ ግርጌው የተተከለ የፈረንጅ ጥድ በጋራ አለን። አንድም ጊዜ ሳይሳሳ ጥቅጥቅ ብሎ ያደገ ሲሆን፣ አሁን ገዥ መጥቶ ከሦስት ዛፍ አንዱን ልቁረጥ ይላል። ክረምቱ ሲገባ በኮርቻው (በሁለት ጉብታዎች መካከል ባለው ዝቅ ያለ ቦታ) በኩል ጥቂት ዛፎች ስለወደቁብን፣ የትኛው ክፍል ለንፋስ እንደሚጋለጥ ያለ ውድ መሣሪያ የምንለይበት መንገድ ካለ ብታስረዱን።

መልስ 1

አስቀድመው የወደቁትን ይመርምሩ። ግንዱ ከመካከሉ ከተሰበረ ሥሩ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ከነሥሩ ከተነቀለ ግን ምክንያቱ ከአፈሩ ወይም ከችግኙ ይፈለጋል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከጊዜው በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ክብ ሠርቶ ስለሚጠቀለል፣ ዛፉ ካደገ በኋላም ወደ ጎን ዘርግቶ የሚይዝበት ሥር ያንሰዋል።

ቀጥሎ የቆሙትን ይለኩ። ቁመቱ 20 ሜትር፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የተለካው ዲያሜትሩ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ፣ ሁለቱም ወደ አንድ መለኪያ ተቀይረው ቁመቱ ለዲያሜትሩ ሲካፈል 100 ይሰጣል፤ ዲያሜትሩ 25 ቢሆን 80 ይሆናል። ከ80 በታች ያለው በአብዛኛው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ 100 የደረሰው ግን የቆመው ጎረቤቶቹ ደግፈውት ስለሆነ፣ እነርሱ ሲነሱለት ለብቻው ንፋሱን አይችለውም።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ቦታው ካልታየ ዛፉን መለካት ብቻ አይበቃም። በብሪታንያ የደን ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቶፔክስ የተባለ ዘዴ፣ ከአንድ ቦታ ተቆሞ በ8 አቅጣጫ ያለው አድማስ ከዓይን ትክክል በስንት ዲግሪ ከፍ እንደሚል ለክቶ መደመር ነው፤ ድምሩ ባነሰ መጠን ቦታው የበለጠ የተጋለጠ ነው። ለዚህም ማዕዘን የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል።

ኮርቻው ላይ ግን ይህ ድምር ያታልላል። ግራና ቀኝ ያሉት ጉብታዎች ድምሩን ከፍ ስለሚያደርጉት ቦታው የተከለለ ይመስላል፤ ንፋሱ ግን በመካከላቸው ተጨምቆ ፍጥነት ጨምሮ ያልፋል። ግርጌው መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነም ክረምት ውኃ ስለሚያቁር ሥሩ ወደ ታች አይዘልቅም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ቆፍሮ ማየት ነው።

መልስ 3

እኔን የሚያሰጋኝ ገዥው ነው። ምርጫው ለእርሱ ከተተወ ወፋፍራሞቹን ወስዶ ቀጫጭኖቹን ይተውላችኋል፤ ይህም ማሳሳት ሊባል አይችልም። ዛፎቹ ከተሳሱ በኋላ ግንዳቸው እስኪወፍርና ሥራቸው እስኪጠነክር ድረስ ያሉት ጥቂት ዓመታት ከሁሉ የከፉ ስለሆኑ፣ ቀጫጭኖቹንና የዘመሙትን በትንሽ በትንሹ ማውጣት፣ ንፋስ በሚመጣበት ጠርዝ ያሉትን ረድፎች ደግሞ አለመንካት ይሻላል። ኮርቻውን ጨርሶ ሳያሳሱ አቆይቶ፣ ሲደርስ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ይመረጣል፤ ያን ጊዜም ቆረጣው ንፋሱ ደኑን አልፎ ከሚወጣበት ወገን ተጀምሮ ወደሚመጣበት ይሂድ።

ጠያቂው

እጅግ እናመሰግናለን። ገዥው ምልክት ያደረገባቸው በእርግጥም ወፋፍራሞቹ ናቸው። ኮርቻውን ከውሉ እናወጣለን፤ ለቀረው ክፍል ለክተን ምልክቱን ራሳችን እናደርጋለን።