የአሮጌውን እትም የማምለጫ ሰንጠረዥ ለአዲስ ተጫዋቾች እንዴት ላስረዳ?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን፣ ተጫዋቾች ምናባዊ ጀግኖችን ሆነው በዳይስ የሚጫወቱትን የአድቫንስድ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሁለተኛ እትም ከዓመታት በኋላ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ጥራዙ የላላውን የተጫዋቾች መጽሐፍ ስገልጥ፣ በልጅነቴ በእርሳስ የጻፍኳቸው ቁጥሮች በኅዳጉ ላይ አሁንም ይነበባሉ። ይህንኑ ጨዋታ አምስተኛውን እትም ብቻ ለሚያውቁ አራት ጓደኞቼ ልመራላቸው ቃል ገብቻለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁ።

ታኮ የሚባለው፣ ከተዋጊው ቁጥር ላይ የጠላት የመከላከያ ቁጥር የሚቀነስበት የጥቃት ስሌት አላስቸገረንም። ታኮው 16 የሆነ ተዋጊ የመከላከያ ቁጥሩ 3 የሆነ ጠላትን ለመምታት በባለ 20 ገጽ ዳይስ ቢያንስ 13 ማውጣት እንዳለበት በአንድ ምሽት ገብቷቸዋል።

ያቃተኝ ከአደጋ የማምለጫው ሕግ፣ ማለትም ተጠቂው እንደ አስማት ካለ አደጋ ማምለጡ በዳይስ የሚወሰንበት ነው። በአሮጌው እትም ማምለጫው አምስት ምድቦች አሉት፤ መነሻ ቁጥሩን የሚወስነውም የተጠቂው ሙያና ደረጃ እንጂ የአስማተኛው ብርታት አይደለም። በመሆኑም በ1ኛ ደረጃ አስማትን ለመቋቋም በዳይሱ ቢያንስ 17 ማውጣት የሚያስፈልገው ተዋጊ፣ 17ኛ ደረጃ ሲደርስ 6 ይበቃዋል። እኔም አብዝቼ የምናፍቀው ይህንኑ፣ ልምድ ራሱ ጋሻ የሚሆንበትን ስሜት ነው። ጓደኞቼ ግን በአምስተኛው እትም ማምለጫውን እንደ ጉልበትና ቅልጥፍና ባሉት የገጸ ባሕርዩ ስድስት ችሎታዎች ማስላት ስለለመዱ ሰንጠረዡ ግራ አጋብቷቸዋል፤ ወደለመዱት ስልት ብቀይረው ደግሞ ይህ ስሜት እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

ሁለቱንም እትሞች የመራችሁ ካላችሁ፣ አምስቱን ምድቦች ሳትነኩ ለጀማሪ ያስረዳችሁበትን መንገድ፣ ለውጣችሁም ከሆነ የተዋጊውን ጥንካሬ እንዴት እንደጠበቃችሁት፣ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።