ጥቆማ፦ ለቤት ሃይ ፋይ የትኛው የዲጂታል ድምፅ ገመድ ያዋጣል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ቴሌቪዥን፣ ሲዲ ማጫወቻና ኮምፒውተር አሉ፤ ሦስቱም ወደ አንድ ዳክ (ዲጂታሉን ድምፅ ወደ አናሎግ የሚቀይር መሣሪያ) ይገባሉ፤ ከዳኩ ወደ ማጉያው፣ ከማጉያው ወደ ጥንድ ስፒከሮች። ጠያቂው ኦፕቲካል (በብርሃን የሚሠራ)፣ ኮአክሲያል (በመከለያ የተሸፈነ የብረት ሽቦ) እና ዩኤስቢ ከሚባሉት የትኛውን ልግዛ ይላሉ። ከሥር ደግሞ «ውድ የሆነው ገመድ ድምፁን ያጠራዋል የሚባለው እውነት ነው?» የሚል ጨምረዋል።

ከኋለኛው ልጀምር፤ እውነት አይደለም። የገመዱ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በአንድ ዓይነት ውስጥ ግን መስፈርቱን ያሟላ ርካሽ ገመድና በሐር ተጠቅልሎ በሣጥን የሚሸጠው አንድ ሥራ ይሠራሉ። ይህን የምለው ውድ ዕቃ ስለምጠላ አይደለም። በስፒከር ላይ የወጣ ገንዘብ ይሰማል፤ በዲጂታል ገመድ ላይ ያለ ልክ የወጣው አይሰማም።

ከሲዲ የሚወጣው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት የሆነ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የተዘጋጀ የቁጥር ጅረት ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ቁጥሩ ከደረሰ ደረሰ ነው። ካልደረሰ ደግሞ ጉዳቱ አይደበቅም፤ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሹን ጸጥ ይላል። ገመድ ተበላሽቶ «ባሱ ሳሳ»፣ «የዘፋኟ ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸ» የሚባል ነገር የለም። ቁጥሮቹ በምን ስምምነት ተሳስተው ነው ባሱ ብቻ ተለይቶ የሚቀንሰው?

ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጂተር፣ ማለትም የጊዜ ምቱ መዛነፍ ነው። ኦፕቲካልና ኮአክሲያል የሚሸከሙት ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡትን ኤስፒዲአይኤፍ የተባለውን አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ድምፁና የጊዜ ምቱ ለየብቻ አይሄዱም፤ በአንድ ጅረት ተጣምረው ይላካሉ፣ ተቀባዩም ምቱን ከጅረቱ ውስጥ ራሱ አንጥሮ ያወጣል። ገመዱ ደካማ ሲሆን የምልክቱ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ምቱም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። እስከዚህ ድረስ የሚባለው ልክ ነው። ነገር ግን በደንብ የተሠራ ዳክ የመጣለትን ጅረት ተቀብሎ ምቱን መልሶ ያስተካክለዋል። የእርስዎ ዳክ ይህን የማያደርግ ከሆነ መድኃኒቱ ዳኩን መቀየር ነው እንጂ ገመዱን በብር ማስለበጥ አይደለም።

ወደ ምርጫው ልግባ። ለቴሌቪዥኑ ኦፕቲካል ይግዙ። ይህን ገመድ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያወጣው ቶስሊንክ ብሎ ሰየመው፤ እስከ ዛሬም በሁለቱም ስም ይጠራል። በውስጡ ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ክር ነው፤ በእሱ ውስጥ ቀይ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያለ መልእክቱን ያደርሳል። ትልቁ ጥቅሙ ኤሌክትሪክ አለማስተላለፉ ነው። ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ በአንቴና ወይም በኬብል መስመር በኩል ከሌላ ቦታ የመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ ማጉያው ደግሞ በራሱ መንገድ። ሁለቱን በብረት ገመድ ሲያገናኟቸው በመሬት ሽቦዎቹ መካከል ትንሽ ጅረት ይዞራል፣ ስፒከሩም እምምም ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል። ለማረጋገጥ የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይንቀሉት፤ ጉምጉምታው በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በኦፕቲካል በኩል ግን ይህ ጅረት የሚያልፍበት ብረት የለም።

የኦፕቲካል ደካማ ጎኑ መሰኪያው ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ማዕዘኖቹ የተቆረጡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ነው፤ አዙረው በኃይል ከገፉት ሶኬቱ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ መዝጊያ ትሰበራለች። በትክክል ሲገባ ቀጭ ይላል። አዲስ ገመድ ጫፎቹ ላይ ብርሃን በሚያሳልፉ ትንንሽ ክዳኖች ተሸፍኖ ይመጣል፤ እነሱን ሳያነሡ ለመሰካት እየታገሉ «ገመዱ አይሠራም» የሚሉ አያሌ ናቸው። መሣሪያውን ከፍተው የገመዱን ሌላ ጫፍ ወደ መዳፍዎ ቢያዞሩት ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ካልታየ ችግሩ ከላኪው ወይም ከገመዱ ነው፤ ከዳኩ አይደለም። ከመደርደሪያ ጀርባ ሹል አድርጎ ማጠፍ ክሩን ይጎዳዋል፣ የተጎዳውም አይመለስም። እስከ 5 ሜትር ድረስ ተራው ፕላስቲክ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲረዝም እንደ መሣሪያዎቹ ጥራት ነው፤ በመስታወት ክር የተሠራው ውድ ዓይነት ትርጉም የሚኖረውም እዚያ ላይ ነው፤ ለአጭር ርቀት ግን ትርፉ ስም ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብዙ የኦፕቲካል መግቢያዎች ከ96 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ልኬት) በላይ አይቀበሉም። ለቴሌቪዥን ይህ ምንም አይደለም።

አሁን በጣም ወደሚያከራክረውና በእኔ አስተያየት ሊያከራክር ወደማይገባው እንሂድ። ዳኩን በአዲስ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው ድምፅ ሲጠፋ፣ ወይም በዜማ ፋንታ ሹክሹክታና ጩኸት ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ተከሳሽ ገመዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ድምፅ ዶልቢ ዲጂታል በተባለው የብዙ ስፒከሮች አሠራር አሽጎ እየላከ ነው፤ ሁለት ስፒከር ብቻ የሚያውቅ ዳክ ደግሞ ያንን እሽግ መፍታት አይችልም። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ይክፈቱ፣ የዲጂታል ድምፅ መውጫ የሚለውን ይፈልጉ፣ «አውቶ» ወይም «ዶልቢ» ያለውን ወደ «ፒሲኤም» (ያልታሸገ የቁጥር ጅረት) ይቀይሩ። በዚህ አንድ ምርጫ የሚድን ገመድ ብዛቱ!

ማጉያዎ ኤአርሲ የሚል ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ለቴሌቪዥኑ ከኦፕቲካል ይልቅ እሱን መጠቀም ይችላሉ። ኤአርሲ የተባለው፣ ድምፅን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ወደ ማጉያ የሚመልሰው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር መጣ፤ የተሻሻለው ኢኤአርሲ በ2017 ከ2.1 ጋር። ለሁለት ስፒከር ሰው የሚሰጠው ዋና ጥቅም በቴሌቪዥኑ ሪሞት የማጉያውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን የቀመሰ ወደ ሁለት ሪሞት አይመለስም።

ለሲዲ ማጫወቻው ኮአክሲያል እመክራለሁ። የሚፈለገው 75 ኦም (ለፈጣን ምልክት የሚለካ የገመድ ጠባይ) የሆነ ገመድ ነው፤ መሰኪያው የታወቀው ክብ አርሲኤ ነው። ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ ቢጫ መሰኪያ ያለው አሮጌ ገመድ መሳቢያዎ ውስጥ ካለ እሱም 75 ኦም ተብሎ የተሠራ ነውና ይሰኩት፤ ከዚህ በላይ ርካሽ ጥቆማ የለኝም። ቀይና ነጭ የሆኑት የአናሎግ ድምፅ ገመዶች በአጭር ርቀት ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ ግን ለዚህ ሥራ አልተለኩምና ሲረዝሙ ዋስትና የለም። አዲስ ካስፈለገ ስም ካላቸው «የኦዲዮ» ገመዶች ይልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበትን ጥሬ ገመድ እመርጣለሁ፤ ለምሳሌ ቤልደን 1694ኤ። የተሠራው ከሲዲ ጅረት በእጅጉ ለሚፈጥን ዲጂታል ቪዲዮ ስለሆነ ድምፅ አያስጨንቀውም። ችግሩ ወፍራምና ደረቅ መሆኑ ነው፤ ቦታው ጠባብ ከሆነ ቀጠን ያለው 1505ኤ ይሻላል።

ስለ አርሲኤ አንድ ቀልድ መሰል እውነት አለ። ሰው ስለ ገመዱ 75 ኦም ሲጨነቅ፣ አብዛኛው የአርሲኤ መሰኪያ ራሱ 75 ኦም አይደለም። በርግጥ 75 ኦም ሆኖ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ የሚገኘው ተሽከርክሮ የሚቆለፈው ቢኤንሲ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎችዎ ቢኤንሲ ካላቸው ይጠቀሙበት፤ ከሌላቸው እንቅልፍ አይጡ፣ በቤት ርቀት አርሲኤ ሥራውን ይሠራል። በገመድ ላይ ስለሚታተሙት የአቅጣጫ ቀስቶችም ይኸው ነው፤ በኮአክሲያል ውስጥ መካከለኛው ሽቦና መከለያው ሁለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት ስላለባቸው ቢያገላብጡትም አንድ ነው።

ኤኢኤስ የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር መሰኪያ ያለውን የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅም ለቤት አያስፈልግም። 110 ኦም ገመድ እንጂ የማይክሮፎን ገመድ እንዳልተፈቀደለት ብቻ ይታወቅ።

ኮምፒውተሩን በዩኤስቢ ያገናኙት። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ዳኮች ኤሲንክሮነስ በሚባለው አሠራር ይሠራሉ፤ ማለትም ሰዓቱ ያለው ዳኩ ጋ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚልከው ዳኩ በጠየቀው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ቅድም ያነሣነው የጂተር ክርክር በገመዱ በኩል መሠረቱን ያጣል። ከማተሚያ ማሽን ጋር የሚመጣው ባለ አራት ማዕዘን መሰኪያ ገመድ ዳኩ ያንን መሰኪያ የሚቀበል ከሆነ በቂ ነው። ርዝመቱ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ፤ የዩኤስቢ 2.0 ወሰን ነው። ለስልክ መሙያ ብቻ ተብለው የተሠሩ፣ የመረጃ ሽቦ የሌላቸው ገመዶች ግን አሉ፤ ዳኩ መብራቱ በርቶ ኮምፒውተሩ ካላወቀው መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ የሶፍትዌሩን ነገር ይመልከቱ፤ ዊንዶውስ ለሁለተኛው ትውልድ የዩኤስቢ ድምፅ የራሱን ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያናግር ሶፍትዌር) ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረ ዊንዶውስ ላይ ለእንዲህ ያለ ዳክ የአምራቹን ድራይቨር መጫን የግድ ነው።

በዩኤስቢ ድምፁ ጠቅ ጠቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሥራ የበዛበት ኮምፒውተር ነው፤ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ በፈር (ድምፁ ከመላኩ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ) የሚለውን ከፍ ያድርጉ። የኮምፒውተሩን አይጥ (ማውስ) ሲያንቀሳቅሱ የምትሰማ ቀጭን ጥዝታ ካለች ደግሞ የኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ጫጫታ በ5 ቮልቱና በመሬት ሽቦው በኩል ወደ ዳኩ ገብቷል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ግን ገመድ ቢቀያይሩ ብዙም አይፈታም፤ ሁለቱን መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ የሚለያይ የዩኤስቢ አይሶሌተር ይፈታዋል። ኮምፒውተሩ ኦፕቲካል መውጫ ካለው ያንን መጠቀምም ያው ነው።

«እኔ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ለሚሉት ክርክር አልገጥምም፤ መሞከሪያ ልስጥ። ብዙ ሲዲ ማጫወቻዎች ኦፕቲካልና ኮአክሲያል መውጫ አላቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ሁለቱን ገመዶች ወደ ዳኩ ይሰኩ፣ አንድ ዘፈን ይክፈቱ፣ ሪሞቱን ለሌላ ሰው ይስጡና ጀርባዎን ያዙሩ። ሰውየው አንዳንድ ጊዜ ይቀይር፣ አንዳንድ ጊዜ የቀየረ ይምሰል፤ የትኛው ላይ እንዳለም በወረቀት ይመዝግብ። እርስዎም ግምትዎን ይመዝግቡ። አንዳንድ ዳክ ሲቀየር ቀጭ ስለሚል በዚያ እንዳያውቁ ከእያንዳንዱ ግምት በፊት ድምፁ ለአፍታ ይዘጋ። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በዘፈቀደ ከመገመት የተሻለ ካልሆነ ስለ ውዱ ገመድ ወሬው እዚያው ያበቃል።

ዲቲኤስ (እንደ ዶልቢ ያለ ሌላ የድምፅ ማሸጊያ አሠራር) መፍታት የሚችል ሪሲቨር፣ ማለትም ማጉያና መፍቻ በአንድ የያዘ መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማግኘት ይችላሉ። በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት የታሸገ የዲቲኤስ ፋይል ከኮምፒውተሩ በኦፕቲካል ወይም በኮአክሲያል ይላኩ። ማጉያውን አስቀድመው ዝቅ ማድረግ አይርሱ፤ ካልተፈታ የሚወጣው ነጭ ጩኸት ነውና። ቁጥሮቹ ሳይነኩ ከደረሱ ሪሲቨሩ «ዲቲኤስ» የሚል ጽሑፍ አብርቶ ሙዚቃውን ያወጣል። የኮምፒውተሩን ድምፅ መጠን ከመቶ አንድ ብቻ ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩት፤ ቁጥሮቹ ስለተለወጡ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ይመጣል። ርካሹ ገመድ ይህን ፈተና ያለ መቆራረጥ ካለፈ ውዱ ከእሱ በላይ የሚያደርሰው ቁጥር የለም።

ከታች «ኮምፒውተሬ ሌላ ክፍል ነው፣ ርቀቱም ረጅም ነው» ላሉት፦ ዩኤስቢና ኦፕቲካሉን ይተዉት። የኔትወርክ ማጫወቻ (ሙዚቃውን ከኮምፒውተሩ በኔትወርክ ተቀብሎ የሚያጫውት መሣሪያ) ከማጉያው አጠገብ አስቀምጠው በኢተርኔት ያገናኙት። ካት 5ኢ የሚባለው ተራው የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ በጫፎቹ ላይ ያሉት ትራንስፎርመሮች መሣሪያዎቹን ይለያያሉ፣ በመንገድ የጠፋ እሽግም ብዙውን ጊዜ እንደገና ይላካል። «ለሙዚቃ» ተብሎ የሚሸጥ የኢተርኔት ገመድ ካዩ ይለፉት።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የዳኩን ጀርባ ይመልከቱ። የኮአክሲያልና የኦፕቲካል መግቢያዎቹ ተጠጋግተው ከሆነ ትልቅ የብረት ቀፎ ያለው አርሲኤ መሰኪያ ጎረቤቱን ይሸፍነዋል። በጣም አጥብቆ የሚይዘውም ሲነቀል ሶኬቱን ከነብሎኑ ያላላዋል፤ ቀጠን ያለ፣ በጣት ጫን ሲሉት የሚገባ፣ ሲስቡትም ሳይታገል የሚወጣ ይምረጡ።