የፑል ኳስ ቀለም፦ 4 እና 8 ማታ ማታ ለምን ይምታታሉ? የትኛው ይገዛ?

ዓባይ_ማዶ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ላለ ፑል ቤት አዲስ ኳስ ሊገዛ ነውና የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ። ጠረጴዛዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁሉም ባለ 8 ጫማ። ሁለቱ ቤት ውስጥ ሆነው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰዋል። ሦስተኛው በረንዳ ላይ ሰማያዊ ሸራ ሥር ነው፤ ጨርቁም ሰማያዊ ነው። ኳሶቹ የተለመዱት ናቸው፦ 1 ቢጫ፣ 2 ሰማያዊ፣ 3 ቀይ፣ 4 ሐምራዊ፣ 5 ብርቱካንማ፣ 6 አረንጓዴ፣ 7 ወደ ቡናማ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቀይ፣ 8 ጥቁር። ከ9 እስከ 15 ያሉት እነዚሁ ቀለሞች በነጭ ላይ እንደ ቀበቶ የዞሩባቸው ናቸው።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው መሸት ሲል ነው። ቤት ውስጥ 4ን ከ8፣ 7ን ከ3 መለየት ያስቸግራል። በረንዳው ላይ ደግሞ በቀንም ቢሆን 2 እና 4 አንድ ይሆናሉ። ተጫዋቹ ጠጋ ብሎ ቁጥሩን ካላየ መምታት አይችልም። በቴሌቪዥን ውድድር የሚታየው፣ 4 ቁጥሩ ሮዝ የሆነው ይሻላል? ወይስ ቀይና ቢጫ ብቻ የሆነው? ወይስ 4ን እና 7ን ብቻ ነጥሎ መቀየር ይቻላል?

ስድሳ_አንድ

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቀና በልና አምፖሉን እይ። 4ን 8 የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ነው። ሐምራዊ ቀለም የሚታየው ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ቢጫ የሚያበራ አምፖል ሰማያዊው ያንሰዋል፤ ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ ጥልቅ ቀዩ ያንሰዋል። ኳሱ መልሶ የሚሰጠው ብርሃን ካላገኘ ጥቁር ይመስላል። 7 ቁጥርም ቀይነቱ የሚታየው በዚያው በጥልቅ ቀዩ ስለሆነ፣ እሱ ሲጎድል ጭቃ መስሎ ይቀራል።

አምፖል ስትገዛ ዋቱን ብቻ አትይ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ቁጥር አለ፤ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል አሳምሮ እንደሚያሳይ የሚናገረው እሱ ነው። 80 የሚል በብዛት ታገኛለህ፤ ለሳሎን ይበቃል፣ ለፑል ግን ቀዩ ላይ ይደክማል። 90 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። ኬልቪኑ ከ4000 እስከ 5000 ይሁን። 2700 ሁሉን ያቢጫል፤ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

የብርሃኑን መጠን በተመለከተ የዓለም ፑል ቢልያርድ ማኅበር መስፈርት በጨርቁና በጠርዙ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቢያንስ 520 ሉክስ ነው። «በእያንዳንዱ ነጥብ» የምትለዋን አጥብቀህ ያዛት። የባለ 8 ጫማ ሜዳ 234 በ117 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሃል ላይ አንድ አምፖል ብቻ ከሰቀልህ መሃሉ ቦግ ይልና አራቱ ጥግ ይጨልማል፤ ክርክሩም የሚነሳው ጥጉ ጋ ካለ ኳስ ላይ ነው። በርዝመቱ ሁለት ወይም ሦስት አምፖል ደርድር። የማይንቀሳቀስ መብራት ከጨርቁ ቢያንስ 165 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ የሚቻል ከሆነ እስከ 102 መውረድ ይችላል። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ሉክስ ባይነግርህም መሃሉንና ጥጉን ለማነጻጸር ይበቃል።

ጥለት_መራጭ

ነጠላ የምትገዛ ሴት ጥለቱን ከሱቁ ደጃፍ አውጥታ በፀሐይ ሳታይ አትከፍልም። ኳስም እንደዚያው ነው፤ በሱቅ መብራት ያማረ ቀለም ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

እኔን ያሳሰበኝ የበረንዳው ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሰማያዊውን ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀዩንና ቢጫውን ያስቀራል። ስለዚህ ሐምራዊው ኳስ ውስጥ ያለው ቀይ ይሞትና 4 ቁጥር ሰማያዊ ይሆናል፤ ከ2 ጋር የተምታታው በዚህ ነው። 3 እና 5 ይጠቁራሉ፣ 1 ቁጥር ወደ አረንጓዴ ያደላል። እዚያ ሥር ሮዝ 4 ብታመጣም የደበዘዘ ሐምራዊ ሆኖ ታገኘዋለህ። ይህን የሚፈታ ኳስ የለም፤ ሸራውን በነጭ ወይም በግራጫ ቀይሩት። ግራጫው ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ቀለም አያዛባም።

ቀጥሎ ጨርቁ። ተጫዋች የሚያነጣጥረው በኳሱ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ከጨርቁ ጋር ከተመሳሰለ ሩቅ ያለ ኳስ ይጠፋል። በሰማያዊ ጨርቅ ላይ 2 እና 10፣ በአረንጓዴ ላይ 6 እና 14 ይደክማሉ። ቀይ ጨርቅ የሚባል ነገር አታስቡ፤ 3፣ 7፣ 11 እና 15 በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ጨርቁ ቀለሙን ወደ ላይም ስለሚመልስ የኳሱ ታችኛው ግማሽ ሁልጊዜ ትንሽ የጨርቁን ቀለም ይዋሳል። ኳሱን ብድግ አድርጋችሁ ወደ ዓይናችሁ ስታቀርቡት ቀለሙ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

ሐይቅ ዳር ለሆነ ቤት ደግሞ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከተማው ከጣና በስተደቡብ ስለሆነ ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ስለዚህ በቀሩት ወራት ጥላ የነበረው መስኮት በእነዚህ ወራት ፀሐይ ይገባበታል። የውሃው ነጸብራቅም አለ። ኳሱ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ተቀምጦ ቁጥሩን ይሸፍናል፣ ነጩም ቶሎ ይወይባል። ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃል።

ባለ_ትሪያንግል

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም ኳሱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። መብራቱ ቢስተካከልም የተለመደው የቀለም አሰላለፍ ሦስት ጠቆር ያሉ ቀለሞች ይዟል፤ 4፣ 7 እና 8። የቴሌቪዥኑ ዓይነት የመጣው ይህ በካሜራ ስለማይለይ ነው። 4 እና 12 ሮዝ ሆኑ፣ 7 እና 15 ፈካ ያለ ቡናማ ሆኑ፣ ጥቁር ሆኖ የቀረው 8 ብቻ። ኋላ የወጡ አንዳንዶቹ ብርቱካንማው ለቀዩ ስለሚቀርብ 5 እና 13ንም ሐምራዊ አድርገዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የለመደ ተጫዋች ሐምራዊ ሲያይ 4 ነው ብሎ ይመታል። በዘጠኝ ኳስ ጨዋታ መጀመሪያ መነካት ያለበት ጠረጴዛው ላይ ያለው ትንሹ ቁጥር ነው፤ 4 እያለ 5ን ከነካ ጥፋት ነው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌው፣ ሌላው ላይ አዲሱ አሰላለፍ ካለ ማታውን ሙሉ ይህ ይደጋገማል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። እኔ የምመርጠው 4 ሮዝ፣ 7 ፈካ ያለ ቡናማ፣ 5 ግን ብርቱካንማ ሆኖ የቀረውን ነው። ለልማድ የሚቀርበው እሱ ነው።

የቋንቋችንም ጉዳይ አለበት። «ወይን ጠጅ» ሲባል አንዱ 4ን፣ ሌላው 7ን ይረዳል። «ሐምራዊ»ንም ሮዝ ለማለት የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነው። ኳስ በቀለም ሳይሆን በቁጥር ይጠራ።

ሱቅ ላይ የሚታዩ ነገሮች፦ በቁጥሩ ክብ ዳር ጥፍርህን አስኪድ። ከፍ ብሎ ከተሰማህ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው፤ ይላጣል። ጥሩ ኳስ ላይ ቁጥሩም ቀበቶውም አብሮ የተጣለ ስለሆነ ጥፍር ምንም አያገኝም። የቀበቶው ሁለት ጠርዞች ከቁጥሩ እኩል ይራቁ። 6 እና 9 ሥር መስመር ይኑራቸው። ፌኖሊክ ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ከፖሊስተሩ ይወደዳል፣ ግን ጥንካሬው ሌላ ነው፤ ቶሎ አይጫርም፣ ቶሎ አይሰነጠርም። የቤልጂጉ አራሚዝ ፌኖሊክ ነው፤ ስሙን ብቻ የተሸከመ አስመስሎ የተሠራም ስላለ ካርቶኑን ሳይሆን ኳሱን መርምር።

ዓባይ_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ሸራውና አምፖሉ ይቀየራሉ። ኳሱን ግን ለጊዜው 4፣ 7፣ 12 እና 15ን ብቻ በአዲሶቹ ቀለሞች ቀይሮ መቆየት አይቻልም? ሌላው፣ 9 ቁጥር ቁጥሩ ወደ ጎን ሲሆን ከነጯ፣ ከመምቻዋ ኳስ ጋር የሚያምታታ ሰው አለ። ምን ይደረግ?

ስድሳ_አንድ

ነጠላ ኳስ መቀየር የሚቻለው ልኩ ከገጠመ ብቻ ነው። አዲስ ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.127። ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። ዓመታት የተጫወቱበት ኳስ ግን ተበልቷል። ካሊፐር ያዝና እያንዳንዱን ኳስ በሦስት አቅጣጫ ለካ፦ በቁጥሩ ላይ፣ ከቁጥሩ ሩብ ዙር ወደ ጎን፣ እና በቀበቶው ጫፍ በኩል። ወርቅ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት ሚዛን መዝነው። ወረቀት ላይ አሥራ ስድስቱንም ጻፍ።

አሮጌዎቹ 56.9 ከሆኑና አዲሶቹ 57.15 ከሆኑ፣ ኳስ በሚደረደርበት ትሪያንግል ውስጥ ትልልቆቹ ጎረቤቶቻቸውን ይገፉና ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት ጨዋታውን ስትከፍት የመጀመሪያውን ምት ኃይል ይበላዋል፤ ኳሶቹ ከመበተን ይልቅ ተጎልተው ይቀራሉ። በተለይ ለነጯ ተጠንቀቅ፣ ከሁሉም በላይ የምትመታው እሷ ስለሆነች ቀድማ ታንሳለች። ነጯ ከቀለለች ፊት ለፊት መትተህ ልታቆማት ስትል ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ከከበደች ደግሞ ተከትላ ትሄዳለች። ተጫዋቹ እጁን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሚዛን ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ አትቀላቅል። ገንዘቡ ለአንድ ሙሉ ኳስ ብቻ ከበቃ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሙሉውን አውጣ። ከሌሎቹ ሁለት አሮጌ ስብስቦች ደግሞ ልካቸው የሚቀራረቡትን መርጠህ አንድ ጥሩ አሮጌ ሥራ። ለጥቂት ጊዜ ሁለት ዓይነት አሰላለፍ ይኖርሃል፤ ባለ_ትሪያንግል ያለው ትክክል ስለሆነ አዲሱን ጠረጴዛ ለዘጠኝ ኳስ፣ አሮጌዎቹን ለስምንት ኳስ ብትለይ ግጭቱ ይቀንሳል።

የ9 ቁጥር ችግር መወየብ ነው። ባለ ቀበቶ ኳስ ነጭ አናቱን ወደ ተጫዋቹ ሲያዞር የሚታየው ነጩ ነው። ነጩ ቅቤ ሲመስል፣ ቀበቶው ደግሞ ቢጫ ሲሆን፣ ድንበሩ ይጠፋል። በቢጫ አምፖል ሥር ይብሳል። ቀይ ነጥቦች ያሏትን ነጭ ኳስ አምጣ፤ ስድስት ነጥብ ያላት በቴሌቪዥን የምትታየው። ከ9 ጋር አትምታታም፤ ሽክርክሪቷንም ታሳያለች። ግን እሷንም ከመግዛትህ በፊት መዝን።

ሽምብጥ_ጥግ

ቀይና ቢጫውን ሁላችሁም ዘላችሁት። በረንዳው ላይ ስምንት ኳስ ብቻ የሚጫወቱ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰባት ቀይ፣ ሰባት ቢጫ፣ አንድ ጥቁር። የማን ኳስ የትኛው እንደሆነ ከመንገድ ማዶ ይለያል። ቁጥር ስለሌለው ግን ዘጠኝ ኳስም በነጥብ መጫወትም አይቻልም። ከ1 እስከ 15 ድምሩ 120 ነው፤ 61 ያገባ ያሸንፋል የሚባለው ጨዋታ ያለ ቁጥር አይሆንም።

ወጥመዱ ልኩ ላይ ነው። ቀይና ቢጫ በብዛት የሚሸጠው ለእንግሊዝ ጠረጴዛ የተሠራው 51 ሚሊ ሜትሩ ነው፣ ነጯም ብዙ ጊዜ 47.6 ብቻ ናት። በአንተ ጠረጴዛ ላይ ጉድጓዱ ይሰፋባቸዋል። ኳስ የሚነካው የጠርዙ ጎማ አፍንጫ ደግሞ ለ57.15 ኳስ 36 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተሠራው። ትንሹን ኳስ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚነካው ወደ ታች ይጫነዋል፤ ኳሱ ፍጥነት ያጣል፣ ጨርቁንም ይፍቃል። 57 ሚሊ ሜትር ቀይና ቢጫ አለ፤ እሱን ካላገኘህ ተወው።

ሌላ፦ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶች አሉ፤ ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞሶም ስለሚወረስ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። ቢጫን ከቀይ በፍካቱ ይለያሉ። ግን ለአንዳንዶቹ ቀይ ራሱ ጠቁሮ ስለሚታያቸው ከ8 ጋር ሊያምታቱት ይችላሉ። ጥቁሩ ላይ ትልቅ 8 ያለበትን ምረጥ።

ባለ_ትሪያንግል

ሳትገዛ በፊት አሮጌዎቹን አንድ ጊዜ እጠባቸው፤ የቾክ ብናኝ ከእጅ ወዝ ጋር ተጋግሮ የ7ን ቀለም ግማሹን ደብቆት ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። ባልዲው ሥር ፎጣ አንጥፍ፣ ኳስ ከኳስ እንዳይጋጭ። አንድ በአንድ አሽተህ በንጹሕ ውሃ አለቅልቅና ወዲያው አድርቅ። በረኪና፣ ቤንዚን፣ አሴቶንና የብረት ሽቦ አይነካቸው፤ ልሙጡን ፊት ይበሉታል፣ ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ይበልጥ ይይዛል። የመኪና ሰምም አትቀባ፤ ለአንድ ቀን ያበራል፣ ከዚያ ወደ ጨርቁ ይተላለፋል። ታጥበው በጥላ ከደረቁ በኋላ 3ን እና 7ን በጨርቁ ጥግ ጎን ለጎን አስቀምጥና ከሌላው ጫፍ፣ በአዲሱ አምፖል እያቸው።